የንብ ሳጥኑ ሰላምታ

ለጌቴ፣ ካለህበት ይድረስህ።

እንደምን ነህ ብዬ አልጀምርም። በአጸደ ነፍስ ያለ ሰው ይጸለይለታል እንጂ እንደምን ነህ አይባልም ብለው የኔታ አለሙ ገሥጸውኛል። ደግሞስ በሕይወት ሳለህም ብጠይቅህ መቼ እውነቱን ትነግረኝ ነበር? ሆድህን በሁለት እጅህ ይዘህ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" እያልክ አይደል ባሕር ዳር ለሕክምና የሄድከው። ከተለየኸኝ ሁለተኛው መስከረም ጠባ። አደይ አበባው እንደ አምናው ወጥቶ፣ እንደ አምናው ሳላየው ረገፈ።

የቤቱን ነገር ላውራህ። በጓሮ የተከልካት አቮካዶ ዘንድሮ አፈራች። "አምስት ዓመት ታገሻት" ብለኸኝ ነበር፤ እሷ ቃሏን ጠበቀች። ፍሬው ሲበስል ለጎረቤት አደልኩት፤ ለብቻዬ ልበላው ብሞክር አልወርድ አለኝ። ቆርቆሮው በሰሜን በኩል ማፍሰስ ጀምሯል። መብራቱ እንደምታውቀው ነው፣ ይመጣል ይሄዳል። ኢንተርኔቱ ጠፍቶ ከርሞ አሁን አንዳንድ ቀን ብቅ ይላል። የፍኖተ ሰላም መንገድም አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ አንድ ሰሞን ይዘጋል፤ ሰዉ ሁሉ ጠዋት ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው "መኪና አለ?" ብሎ ነው። ከቤታችን ጋር ተያይዛ በመንገዱ ዳር ያለችውን የጽሕፈት ክፍላችንን መልሼ ከፍቻታለሁ። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ሰው አልጠፋም፤ ችግር ባለበት ማመልከቻ አለ። ከጠዋት እስከ ማታ የሰው አቤቱታ እተይባለሁ። የራሴን የማስገባበት ቢሮ ግን አላገኘሁም።

ዛሬ የምጽፍልህ ስለ ኮምፒውተሩ ነው። መንገር ካለብኝ ቆይቷል፤ እንዴት ብዬ እንደምነግርህ ስለጠፋኝ ነው የዘገየሁት።

መቼም እሱ እንዴት እንደተሠራ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ግን ልድገመው፤ እሱን ስደግም ነው ትንሽ ቀለል የሚለኝ። ከየመሥሪያ ቤቱ መጋዘን የተጣለውን ኮምፒውተር በማዳበሪያ ከረጢት እየሞላህ ትመጣ ነበር። ጎረቤቶቻችን "ጌትነት፣ ዛሬ ደግሞ የማንን ሬሳ አመጣህ?" እያሉ ይስቁብህ ነበር። አንተም "የሞተ ኮምፒውተር የለም፣ ከአቅሙ በላይ የተጫነበት እንጂ" ትላቸዋለህ። ከአንዱ ማዘርቦርዱን፣ ከሌላው ራሙን፣ ከሌላው ዲስኩን ነቅለህ ምንጣፉ ላይ ዘርግተህ ትቀመጣለህ። እኔ ቤት መጥረግ አቅቶኝ ዙሪያውን እየዞርኩ እነጫነጫለሁ። ለእኔ የሠራኸው ዕቃው ሁሉ ሲሟላ ሳጥን አጣህለት። ያኔ ነው ያንን የተጣለ ዘመናዊ የንብ ቀፎ ከአባትህ ቤት ተሸክመህ የመጣኸው። ጎኑን በስተህ ማራገቢያ ገጠምክበት። ሲነሣ እንደ ንብ መንጋ ድምፁን ያሰማል፤ ማመልከቻ ሊያስጽፍ የመጣ ገበሬ ሁሉ በሩ ላይ ቆሞ "እንዴ፣ ሳይነድፈኝ እንዴት ልግባ?" ይል ነበር።

ዊንዶውስ ጫንበት ብልህ እምቢ አልክ። "ሽማግሌን ዳገት ለዳገት ጤፍ አሸክሞ ለምን ዘገየህ ማለት ነውር ነው" አልከኝ። ሊኑክስ የሚሉትን ቀለል ያለውን ጫንክበት፤ ምናሌውንም አንድ በአንድ በአማርኛ ቀየርክልኝ። ሠራ። መጀመሪያ ሲነሣ ግን ስክሪኑ ለረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይቆያል። "ይኼ ሬሳህ አሁንም አልነቃም" ብዬ ቀለድኩብህ። በማግስቱ ስከፍተው በዚያ ጥቁር ላይ የገዛ እጅህ ጽሑፍ በነጭ ወጣ። ወረቀት ላይ ጽፈህ፣ በስልክህ ፎቶ አንስተህ ነው ለካ የከተትከው። "ደህና አደርሽ? ትንሽ ታገሺኝ፣ አርጅቻለሁ" ይላል። ፊደልህ እንደ ወትሮው ወደ ቀኝ ዘንበል ብሏል። ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። "እሺ፣ ሽማግሌው" አልኩት ለሳጥኑ፤ አንተ ከጓዳ ሆነህ "አቤት!" አልክ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ይኸው ሆነ። እከፍተዋለሁ፣ ጽሑፍህ ይወጣል፣ "እሺ፣ ሽማግሌው" እላለሁ፣ አንተ ጺምህን እየተላጨህም ይሁን ጫማህን እያሰርክ "አቤት" ትላለህ። ተጣልተን ባደርንበት ቀን እንኳ እሱ ደህና አደርሽ ይለኛል። እንግዲህ እንዴት አኩርፌ ልዋል? ስንት ቀን በእሱ ታርቀናል።

ሁለቱን የባትሪ ድንጋዮች ታስታውሳለህ አይደል? በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታህለው ባትሪ ሞታ፣ ምትኳ ከተማው ውስጥ ጠፋ። አንተ የግድግዳ ሰዓት ድንጋይ ሁለት አምጥተህ፣ በሽቦ አገናኝተህ፣ በሳጥኑ ጎን በፕላስተር ለጠፍካቸው። "መብራት ሲጠፋ ነገሩን ሁሉ የሚያስታውሱለት እነዚህ ናቸው፣ እንዳትነኪብኝ" አልከኝ። እኔም አልነካሁም።

ያረፍክ ዕለት ግን እኔ ምን አውቅ ነበር፣ ጌቴ። አስከሬንህ ከባሕር ዳር እስኪመጣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተከለ። መብራት የለም። አክስትህ እትዬ ጥሩዬ ቴሌቪዥኑን ወደ ግድግዳ አዞሩት፤ ኀዘን ቤት ነውና ሬዲዮውንም አነሡ። ድንኳኑን ለሚጠብቁት ወንዶች የእጅ ባትሪ ጠፋ፤ ባትሪው ሲገኝ ድንጋይ የለውም። እትዬ ጥሩዬ በሳጥኑ ጎን የተለጠፉትን ሁለቱን ድንጋዮች አዩ። ደግሞም ለሁሉ ደራሽ ናቸው፣ ታውቃቸዋለህ። ፕላስተሩን ልጠው አወጧቸውና ሰጡ። በእነዚያ ድንጋዮች ብርሃን ነው ያንተን ድንኳን ሲጠብቁ ያደሩት። ሰው ሁሉ ባለው ነው የተባበረን፣ በማንም አልፈርድም።

ክፍሉ ተዘግቶ ከረመ። ጥቁር ለብሼ ከአልጋዬ ሳልወርድ ክረምቱ ሄደ። ኋላ ሰው ሁሉ "ተነሽ፣ ሥራሽን ያዢ" ሲለኝ ተነሣሁና ከፈትኩት። እንግሊዝኛ ብቻ ወጣበት። ዲስኩን አላውቀውም ይላል። ከላይ የጻፈው ዓመት እኔና አንተ ገና ሳንተዋወቅ የነበረውን ነው። የሆነው ነገር አልገባኝም ነበር፤ ያንን ዓመት ሳይ ግን ትንሽ ቀናሁበት። እሱ ወደዚያ መመለስ ችሏል።

ታናሽ ወንድምህ ምንተስኖት ይህን ሰማ። እሱ እስከ ዛሬ ቡሬ ባጃጅ ይነዳል። ያን ሰሞን ስላንተ ሳያለቅስ የሚውልበት ቀን አልነበረም፤ የሚይዘው የሚጨብጠው አጥቶ አንድ ነገር ላድርግልሽ፣ አንድ ነገር ላድርግልሽ ይለኝ ነበር። ሳጥኑን ቡሬ ወስጄ ላሠራልሽ አለኝ። እኔም እሺ አልኩ። ለሙት ዓመትህ ዋዜማ ይዞልኝ መጣ። ፍተሻ ላይ ቀፎውን ክፈት ሲሉት "ንብ የለበትም" ቢላቸው ማንም አላመነውም፤ ሁሉም ወደ ኋላ ሸሽተው በሩቁ አሳለፉት አለኝ። ካረፍክ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። "እታለም፣ አዲስ አስደርጌልሽ መጣሁ፤ ፎርማት ተደርጎ፣ የድሮው ሁሉ ተጠርጎ፣ ዊንዶውስ ተጭኖ፣ ከእንግዲህ የከተማ ሰው ኮምፒውተር ነው" አለኝ።

ከፈትኩት። ሰማያዊ መስኮት ወጣ። ጠበቅሁ። ያንተ ጽሑፍ አልወጣም።

ምንተስኖት ፊቴን ያያል። ስጦታ የሰጠ ሰው ፊት እንደሚያይ ማለት ነው። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" አልኩት፤ ጉንጩን ሳምኩት፤ ጓዳ ገብቼ በነጠላዬ አፌን ይዤ አለቀስኩ። "የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ" የሚሉት ለካ ተገልብጦም ይደርሳል። በማን ላይ ልጩህ? ቡሬ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝም ጥፋት የለበትም፤ ኮምፒውተር አልነሣ ሲል ሁሉም ሰው ፎርማት አድርግልኝ ነው የሚለው፣ እሱም ያደረገው የሚያደርገውን ነው። ያንተን እጅ ከዚያ ውስጥ ማን ይጠረጥራል?

ኮምፒውተሩም ሸክሙ ከበደው። አንድ መስመር ተይቤ ፊደሉ ብቅ እስኪል ባለጉዳዩ ስለ ልጁ ጋብቻ አጫውቶኝ ይጨርሳል። አንተ ያልከው ደረሰ፤ ሽማግሌው ዳገት ላይ ጤፍ ተሸክሞ ቀረ። እሱን ግን እችለዋለሁ። ያልቻልኩት ጠዋቱን ነው።

አንድ ቀን ሳስብ የኔታ አለሙ ትዝ አሉኝ። ፊደል ያስቆጠሩህ፣ ጡረታ ወጥተው ፈረስ ቤት የተቀመጡት። ለእሳቸውም ከዚያው ከረጢት አንድ ሠርተህ ቅኔያቸውን እንዲጽፉበት ሰጥተሃቸው አልነበር? የሁለቱም ሥራ አንድ ነው፣ ምናልባት የእኔም ጽሑፍ እዚያ ይኖራል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ጌቴ፣ ከሞትክ ወዲህ ተስፋ ያደረግሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መንገዱ ሲከፈት በሚኒባስ ወጣሁ። ደጋው ብርድ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ገብሱ ታጭዷል። በመቃብርህ በኩል ሳልፍ ወርጄ ተሳለምኩ። ምን ልፈልግ እንደምሄድ ግን አልነገርኩህም፤ አግኝቼው ስመለስ ልነግርህ ነበር።

የኔታ በጣም ጎብጠዋል። ዓይናቸውም ደክሟል። ቡና አፍሉ፣ እግር እጠቡ ብለው ቤቱን ሲያተራምሱት፣ እኔ እፍረቱን ትቼ ኮምፒውተሩን ይክፈቱልኝ ብዬ ለመንኳቸው። ከፈቱት። ጥቁር ሆነ። ከዚያ እጅህ ወጣ፤ ያው ወደ ቀኝ ያዘነበለው። "ኖር፣ የኔታ! እርስዎ ይቀመጡ፣ እኔ አሁን እነሣለሁ" ይላል። የኔታ ገና ቆመው ነበር። ለስክሪኑ ጎንበስ ብለው "በእግዜር፣ ልጄ" አሉትና ተቀመጡ። ካረፍክም በኋላ ጠዋት ጠዋት እንዲህ ይመልሱልሃል። እኔን ረስተውኝ ነበር መሰለኝ፤ ዘወር ሲሉ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አገኙኝ።

የእኔ እዚያ አልነበረም። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ነው የሚጽፈው፣ ቅጂም አያስቀምጥም ነበር አሉኝ። ደግሞ ሌላ ነገር ነገሩኝ። ይህን እንኳ ባይነግሩኝ ይሻል ነበር። የእሳቸውም ሳጥን ጎን ሁለት ድንጋይ ተለጥፎበታል። አንድ ጊዜ ድንጋዩ አልቆ እንደ እኔው እንግሊዝኛ አወጣ፣ ዲስኩን አላውቅም አለ። አንተ መጥተህ ድንጋዩን ቀይረህ፣ ጥቂት ቁልፍ ነካክተህ አስነሣኸው፤ ጽሑፍህም ምንም ሳይሆን ተመለሰ። "አልጠፋም የኔታ፣ ረስቶ ነው እንጂ" አልካቸው አሉ። ስለዚህ የእኔም አልጠፋም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ክፍሉ ተዘግቶ፣ እኔ ከአልጋ ሳልወርድ፣ ደህና አደርሽ የሚለው ጽሑፍህ ዲስኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኝ ነበር። ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነበር የሚያስፈልገው። ሱቅ ሁሉ ይሸጠዋል።

የኔታ አንተ የተውክላቸውን ፍላሽ ሰጡኝ፤ ሊኑክሱ እሱ ውስጥ አለ። ምንተስኖት ሳጥኑንና ፍላሹን እዚያው ቡሬ ያለው ጠጋኝ ዘንድ ወሰደ። ምን እንደጠፋ በመጨረሻ ነግሬው ነበርና ከዚያ በኋላ ቀና ብሎ አያየኝም። ሰውዬው አዝኖ በጥንቃቄ ጫነልኝ። ምንተስኖትም አዲስ ድንጋይ ገዝቶ በሳጥኑ ጎን ለጠፈ፤ ከላዩ "አይነካም" ብሎ ጻፈበት። ከየኔታ ስክሪን ላይ ያንተን ጽሑፍ በስልኬ አንስቼው ስለነበር፣ ፊደሎቹን እየቆረጥን ያንቺን ቃል እንግጠም አለኝ። እምቢ አልኩት። ለየኔታ የተነሣህበትን ሰላምታ ቆራርጬ ለራሴ ልብስ ልሰፋበት? ያንተ የነበረውማ እኔን አስበህ መጻፍህ ነው።

አሁን ሳጥኑ ደህና ይሠራል። ፈጣን ነው፤ እንደ ንብ ይላል፤ ገበሬዎቹም ደጃፍ ላይ ቆመው ይፈሩታል። ምናሌው ግን እንግሊዝኛ ሆኗል። ቢሆንም እያንዳንዷ ብሎን አንተ ያሰርካት ናት፣ የምሠራበትም አንተ በመረጥክልኝ ነው። አንተ ግን የለህበትም። ሰዎች ደግሞ "በሥራው አለ፣ በልብሽ አለ" ይሉኛል። ደግ ናቸው፣ ይስጥልኝ እላለሁ። አላምናቸውም። የሞተ ኮምፒውተር የለም ያልከው እውነት ሊሆን ይችላል፤ የሞተ ሰው ግን አለ፣ ጌቴ። ልጅ እንኳ ቢኖረን በእሱ ዓይን አይህ ነበር። የለንም። አንድ ቀን ባዶውን ክፍል "እሺ፣ ሽማግሌው" ብዬ ሞከርኩት፤ ከጓዳ የመለሰልኝ የለም። ሁለተኛ አልሞከርኩም።

አርጅቻለሁ ብለህ ቀልደህብኝ ሳታረጅ ሄድክ። አሁን የማረጀው እኔ ነኝ። ፀጉሬ በግንባሬ በኩል መሸበት ጀምሯል፤ ብታየው ምን እንደምትል አውቀዋለሁ። የሚሻል ነገር ይመጣል ብዬ አልጠብቅም፤ እንዲህ ብዬ ብጽፍልህ አትቆጣኝ፣ ካንተ ሌላ እውነቱን የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ነው።

አንድ ነገር ግን ቃል እገባልሃለሁ። ስክሪኑ ዛሬም ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ጥቁር ሆኖ ይቆያል፤ ያቺ ያንተ ጽሑፍ ትወጣባት የነበረችው ጊዜ አልጠፋችም። ከፈረስ ቤት ከተመለስኩ ወዲህ በዚያች ጊዜ ወንበሬ ላይ አልቀመጥም። የማከብረው ሰው በበር ሲገባ እንደምነሣው ነጠላዬን አስተካክዬ እቆማለሁ። ዓይኔ ሳይደክም፣ ጉልበቴ ሳይከዳኝ፣ ይህ ሳጥን እስካለ ድረስ ጠዋት ጠዋት እቆምልሃለሁ። ጥቁሩ ያልፋል፣ መስኮቱ ይበራል። ማንም አይገባም። ከዚያ ቁጭ ብዬ የሰው ማመልከቻ መተየብ እጀምራለሁ።

እማዋይሽህ፣
ከፍኖተ ሰላም